«ጄቶቹ አስከሬኑ ላይ አንዣበቡ» ይባላል እንዴ?

ጥያቄ፦ መምህር ጤና ይስጥልኝ፣ ከባሕር ዳር ነው ምጽፍልዎ። እሁድ ለት ጣና ዳር ዓሣ ቤት ቁጭ ብለን ቲቪ ላይ የአንድ የውጭ አገር ትልቅ ሰው ቀብር ሲያሳዩ አራት ተዋጊ ጄት ተሰልፎ መጣና ቀብሩ ጋ ሲደርስ አንዱ ብቻውን ሽቅብ ወጣ፣ ሦስቱ ዝም ብለው ሄዱ። እኔም ፌስቡክ ላይ «ጄቶቹ አስከሬኑ ላይ አንዣበው ሰላምታ ሰጡ፣ የጠፋው ሰው ቅርጽ የሚባለውንም በረራ አሳዩ» ብዬ ለጠፍኩ። አማቼ «ለሬሳ ደሞ ምን ሰላምታ አለው» ብሎ ሳቀብኝ፣ አባቴ ደግሞ «አረገ በለው ያንን አውሮፕላን» አሉ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ አማችህ አለቦታው ነው የሳቀው፣ መሳቅ ካለበት «አንዣበው» ሚለው ላይ ነበር።

አንዣበበ ሲባል እኔ መጀመሪያ ሚታየኝ አሞራ ነው። ደመና ያንዣብባል፣ ጦርነት ያንዣብባል፣ ረሃብ ያንዣብባል፣ ጥሩ ነገር ሲያንዣብብ ግን ሰምተህ ታውቃለህ? «ሠርግ አንዣቦብናል» የሚል ሰው ካለ ወይ ደጋሹ እሱ ነው ወይ ገና ብድሩን አልከፈለም። ሩቅ መሄድም አያስፈልግህ፣ እዛው ሐይቁ ዳር ዓሣ ሚያጸዱበት ቦታ ጠዋት ሂድና ቀና በል፣ ሰውዬው ሆድቃውን አውጥቶ እስኪጥል ድረስ አሞራው ከላዩ አይሄድም፣ ይዞራል፣ ዝቅ ይላል፣ እንደገና ይዞራል፣ ማንዣበብ ማለት እሱ ነው። አሁን «አስከሬኑ ላይ አንዣበቡ» ያልከውን መልሰህ አንብበው። በዛ ላይ ያንዣበበ ነገር እዛው ይቆያል እንጂ አያልፍም፣ ሄሊኮፕተር ቢሆን እሺ፣ ጄት ግን ስልክህን ለቪዲዮ ከኪስህ ሳታወጣ ነው ያለፈው። ስለዚህ «ዝቅ ብለው አለፉ» በቂ ነው።

ሰላምታው ጋ ልምጣ። ለሞተ ሰው ሰላምታ የለም ሚል ሰው ቤተ ክርስቲያን መልክእ ሲደገም ሰምቶ አያውቅም ማለት ነው። መልክእ «ሰላም ለዝክረ ስምከ» ብሎ ይጀምርና ጠጉሩን፣ ዓይኑን፣ አፉን፣ እጁን እያለ አንድ ባንድ ሰላም እያለ እስከ እግር ጥፍሩ ይወርዳል፣ ከዛ ግን አያቆምም፣ ለፀአተ ነፍሱ፣ ለበድነ ሥጋው፣ ለግንዘቱ፣ ለመቃብሩ ሁሉ ሰላም ይላል። በድን ምን እንደሆነ አማችህን ጠይቀው። በርግጥ መልክእ ለቅዱሳን ነው፣ የጦር አዛዥ መልክእ አይደገምለትም፣ ግን ቋንቋው ለመቃብር ሰላም ማለት ከጀመረ ብዙ ዘመኑ ነው። ስለዚህ ሰላምታ ሰጡ ብትል ምንም የለበትም፣ እጅ ነሱ ብትልም ያምራል። እዚህ ጋ አንዴ ተማሪዬ ጉድ አድርጎኛል፣ እጅ ነሱ ለማለት ፈልጎ «ወታደሮቹ ለሟቹ እጅ ሰጡ» ብሎ ጻፈ፣ እጅ ሰጠ ማለት እኮ ተማረከ ነው፣ ጦሩን በሙሉ ለሬሳ አስማረከው።

ትልቁ ጉዳይ «የጠፋው ሰው» ነው። ፈረንጆቹ ለዚህ በረራ ያወጡለትን ስም ቃል በቃል ገልብጠኸዋል። በአማርኛ ጠፋ ስትል የጠፋው ነገር የሆነ ቦታ አለ፣ ላም ይጠፋል፣ ስልክ ይጠፋል፣ መብራትም ይጠፋል (እሱንስ ለባሕር ዳር ሰው አልነግርም)፣ ስድስት ወር ያላየኸውን ጓደኛህን «ጠፋህ እኮ» ትለዋለህ። የሞተ ሰው ግን አልጠፋም፣ ጎደለ ነው ሚባለው። «እገሌ ጎደለብን» ይላል ለቅሶ ደራሽ፣ ቦታው አለ ሰውየው የለም ማለት ነው፣ ጄቶቹ ሰማይ ላይ ሚሠሩት ነገር ደግሞ ቁርጥ ይሄው ነው።

እጅህን ዘርጋ፣ አውራ ጣትህን ግን እጠፋት። የቀሩት አራት ጣቶችህ ጫፍ ጫፋቸው ላይ አንዳንድ ጄት አለ በል። መሃል ጣት መሪው ነው፣ ባንድ ጎኑ አንድ ጄት በሌላ ጎኑ ሁለት ይከተሉታል። ብዙ ጊዜ ተነጥሎ ሽቅብ ሚወጣው ሦስተኛ ሚሉት ነው፣ የቀለበት ጣትህ ቦታ ላይ ያለው፣ አንተ ያየኸውም ይሄን ሳይሆን አይቀርም። ዋናው ነገር እሱ ከወጣ በኋላ ሦስቱ ተጠጋግተው ክፍተቱን አይሞሉትም፣ እንደጎደለ ይዘውት ይሄዳሉ። ከመጀመሪያውኑ አንድ ቦታ ባዶ ትተው ሚመጡበትም አለ። ለዚህኛው «አንዱን አጉድለው በረሩ» በል። ለወጣው ደግሞ «አንዱ ከጓዶቹ ተለየ» ብትል እኔ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ተለየ ሚለው ሁለቱንም ይይዛል፣ ጄቱም ከሰልፉ ተለየ ሰውየውም በሞት ተለየን፣ ሌላ ማብራሪያ ምን ያረግልሃል። ብቻ «የጎዶሎ በረራ» እንዳትለው፣ ጎዶሎ ሌላ ነገር ይጎትታል፣ ጎዶሎ ቀን እንደሚባለው ገድ የሌለው ይመስላል፣ ምንም እንኳ አራት ሲቀነስ አንድ ሦስት፣ ሦስት ደግሞ ጎዶሎ ቁጥር ቢሆንም።

ደሞ ይሄ ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም። ልጅ ሆኜ ይልማና ዴንሳ ባያቴ ለቅሶ ላይ በቅሎውን ኮርቻዋን እንደጫኑ፣ ጋሻውንና ጠመንጃውን አንጠልጥለውባት፣ ማንም ሳይቀመጥባት ለቅሶ ሜዳው ላይ ሲያዞሯት ትዝ ይለኛል። ሙሾ አውራጇ ብዙ ብላለች፣ የቀረኝ ግን ግጥሙ አይደለም፣ የእርካቡ ድምፅ ነው፣ እግር ስለሌለበት ጎኗን ቶክ ቶክ እያለ ይመታት ነበር።

በፈረንጅ ኅዳር 1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሲቀበሩ ዋሽንግተን ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ብላክ ጃክ ሚባል ጥቁር ፈረስ ሰው ሳይቀመጥበት ከአስከሬኑ ጋሪ ኋላ ተመራ፣ እርካቡ ላይ ጫማ ወደ ኋላ ተገልብጦ ተሰክቶ። ከኋላ በእግራቸው ከሄዱት የአገር መሪዎች መሃል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፈረንሳዩ ደጎል ጋር ፊት ረድፍ ላይ ነበሩ። ያን ፈረስ ሲያዩ ትርጉሙን የሚነግራቸው ሰው ያስፈለጋቸው አይመስለኝም። መቃብሩ ጋ ሲደረስ ደግሞ 50 ጄቶች አንድ ቦታ ባዶ ትተው በላይ አለፉ፣ ከነሱ ኋላ የፕሬዚዳንቱ የራሱ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ መጣና ክንፉን ዘንበል ዘንበል አርጎ ሄደ። «እጅ ነሳ» ሚለውን ለዚህ ነው ያልኩህ፣ የአውሮፕላን እጅ መንሳት ክንፍ ማዘንበል ነው። አየህ፣ ባዶ ኮርቻና ባዶ ቦታ ባንድ ቀን፣ ባንድ ቀብር ላይ።

ስም የግድ ይውጣለት ካልክ «የሽኝት በረራ» ሚለው አይከፋም፣ አስከሬን መሸኘት ሁሉም ሰው አፍ ላይ ያለ ነገር ነው። ችግሩ ኤርፖርት በር ላይ አበባ ይዞ አሜሪካ ሚሄድ ዘመዱን ሚሸኘው ሰውም ያንኑ ቃል ይዞታል፣ አስከሬን ጭኖ ሚመጣው አውሮፕላንም ሊመስል ይችላል፣ ስለዚህ «የክብር ሽኝት» ብለህ ግለጥለት። እኔን ከጠየቅከኝ ግን አማርኛ ስም ከማጠራቀም ግስ ቢሰጡት ይወዳል፣ ፖስትህን እንዲህ አርገህ አስተካክለው፦ «አራት ጄቶች ዝቅ ብለው እጅ እየነሱ አለፉ፣ አንዱ ከጓዶቹ ተለይቶ ሽቅብ ወጣ፣ ሦስቱ ቦታውን እንዳጎደሉ ሄዱ።»

አባትህ ያሉትን ልጨርስ። አረገ ማለት ወጣ ነው፣ ግእዙ ዐርገ ነው፣ በቃሉ ትርጉም ከሄድን አልተሳሳቱም። ግን ዕርገት ሲባል ሰው ሁሉ ሚያስበው ከትንሣኤ በኋላ በ40ኛው ቀን ሚከበረውን በዓል ነው፣ ጄቱ ደግሞ ነዳጁ ሲያልቅ ይወርዳል። እሳቸውን ግን እንዳታርማቸው፣ ዓሣ ቤት ውስጥ ቲቪ እያዩ የተናገሩት ነው፣ ለጨዋታ ሲባል ያምራል፣ ፌስቡክ ላይ ብቻ አትጻፈው።