የዊሎው ጥፋት የአስማቱ ነው ወይስ የራሷ?

ጠያቂያችን፣ «በፊ ዘ ቫምፓየር ስሌየር» በተሰኘው ተከታታይ ድራማ ስድስተኛ ምዕራፍ ላይ አስማተኛዋ ዊሎው የጓደኞቿ ጠላት የሆነውን ዋረንን የገደለችው አስማት ሱስ ሆኖባት ስለነበር በኃላፊነት ልትጠየቅ አይገባም ወይ ሲሉ ጠይቀዋል። እኔ ልትጠየቅ ይገባል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም የሚነሳው ከግድያው ሳይሆን፣ ብዙ ተመልካች አቃሎ ከሚያልፈው የቀደመ ድርጊቷ ነው።

ዊሎው አስማት አብዝተሻል በሚል ከፍቅረኛዋ ከታራ ጋር ከተጣላች በኋላ፣ ታራ አልጋ ላይ እንዳለች አንዲት የአበባ ዘለላ ይዛ ድግምት ደገመችባትና ጠቡን አስረሳቻት። ነገሩ ሲታወቅ ታራ ለአንድ ሳምንት ብቻ ከአስማት እንድትታቀብ ለመነቻት። ዊሎው ቃል ገብታ ሳለ ሳምንቱ ሳይሞላ ያንኑ ድግምት ደገመችው፤ በዚህኛው ጊዜ እሷን ጨምሮ ጓደኞቿ ሁሉ ስማቸውን እንኳ ረሱ። እዚህ ላይ ሐዘን የለም፣ ያሳበዳት ቁጣም የለም፤ ያለው የምትወዳትን ሰው አእምሮ ሳያስፈቅዱ የመንካት ምርጫ ነው።

ታራ ከዋረን ሽጉጥ በወጣች ጥይት ስትሞት የዊሎው ሐዘን ልብ ይሰብራል፤ ጥፋቷንም በከፊል ያቀልላታል። ሆኖም ዋረንን ጫካ ድረስ አሳድዳ፣ አስራ፣ እየለመናት ጥይት በቀስታ ደረቱ ውስጥ ስታስገባ የምታደርገውን ታውቅ ነበር። በሰባተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ፣ እንግሊዝ አገር ከጓደኞቿ አማካሪ ከጃይልስ ዘንድ ሆና በራሷ ኃይል ስትፈራና በሠራችው ስትጸጸት የምናያትም፣ አድራጊዋ እሷው መሆኗን ስለተቀበለች ይመስለኛል።