ሚክሰሩ ከመድረሱ በፊት

ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ተመርቃችሁ በቅርቡ ሳይት ለወጣችሁት ነው። በተለይ ለተቆጣጣሪ መሐንዲሶች።

ጥራት ሲባል ብዙዎቻችሁ ቶሎ የሚመጣላችሁ ላቦራቶሪ ነው። ኪዩብ፣ ማለትም ለጥንካሬ ፈተና የሚቀዳው የአርማታ ናሙና፣ ይሞላል፣ የተወሰነው በ7ኛው ቀን ይሰበራል፣ የቀረው በ28ኛው። ጥሩ። ግን የ28 ቀኑ ውጤት እስኪመጣ እኮ ኮለኑ (ምሰሶው) ላይ ሶሌታ (የፎቁ ወለል) ተሞልቷል፣ ሶሌታው ላይም ሌላ ኮለን ቆሟል። ያኔ ውጤቱ ቢወድቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ኪዩብ ደግሞ ይዋሻል። ለኪዩብ ተመርጦ የሚቀዳው ድብልቅና ኮለኑ ውስጥ የሚገባው ሁሌ አንድ አይደሉም። ከሰዓት በኋላ ድብልቁ ጠጠር ጠጠር ሲል «ትንሽ ውሃ ጨምርበት» ይባላል። ያቺ ትንሽ ውሃ ጥንካሬውን ትበላዋለች። ስለዚህ ስላምፕ፣ ማለትም የድብልቁን ቅጥነት፣ የጠዋቱን የመጀመሪያ ድብልቅ ብቻ ለክታችሁ አትመለሱ። 30 ሴንቲ ሜትሯን ኮን በሦስት ዙር ሙሏት፣ እያንዳንዱን ዙር 25 ጊዜ ጠቅጥቁ። ሠራተኛው በደከመበት ሰዓትም እንደገና ለኩ።

እኔ የማምነው ጥራት የሚያዘው አርማታው ከመሞላቱ በፊት ነው። የፌሮውን ዲያሜትርና ርቀት በሜትር ለኩ፤ በዓይን ገምታችሁ አትለፉ። ፌሮውን ከቅርጹ የሚያርቀው ስፔሰር አለ? ወይስ ፌሮው ፎርምወርኩ (አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ) ላይ ተለጥፏል? ከዚያ ባትሪ ይዛችሁ ጎንበስ በሉና የኮለኑን ግርጌ እዩ። የእንጨት ብናኝ፣ የሽቦ ቁርጥራጭ፣ አንዳንዴ የሲጋራ ቁራጭ እዚያ ታገኛላችሁ። በላዩ ከተሞላበት ኮለኑ የቆመው ቆሻሻ ላይ ነው። ማንም መልሶ አያየውም።

«ይሄ የእኛ አገር ችግር ነው» የሚል ካለ የሆንግ ኮንጉን የሁንግ ሆም ባቡር ጣቢያ ያንብብ። ጣቢያው ሲስፋፋ ፌሮዎቹ የሚያያዙት ጥርስ ባለው ማገናኛ፣ በከፕለር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 አንዳንዶቹ ፌሮዎች ጥርሳቸው አጥሮ መቆረጡና ከፕለሩ ውስጥ በደንብ አለመግባታቸው ይፋ ወጣ። ከላይ ሲታዩ የገቡ ይመስላሉ። መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። የተሞላው ኮንክሪት እየተቦረቦረ ፌሮው ተፈተሸ። እኔን ከተቆረጠውም ፌሮ በላይ ያስደነገጠኝ ወረቀቱ ነው። በዚያው ፕሮጀክት ብዙ የቁጥጥር ቅጾች ሊገኙ አልቻሉም። ማን፣ መቼ፣ የቱን ክፍል አይቶ እንዳለፈው ማሳየት ካልተቻለ በደንብ የተሠራውም ክፍል አብሮ ይጠረጠራል። ገንዘብ የላቸውም ወይም እውቀት የላቸውም እንዳትሉ፣ ሁለቱም ነበራቸው።

እኛ ጋ ቅጹ የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ ወር ሲያልቅ ነው፤ የክፍያ ሰርተፊኬት ሲዘጋጅ፣ በአንድ ቁጭታ፣ በአንድ እስክሪብቶ። ግድግዳ ላይ የአይኤስኦ 9001 የጥራት አመራር ምስክር ወረቀት በፍሬም ተሰቅሎ ከሥሩ የኋላ ቀን እየተጻፈ ሲፈረም አይቻለሁ። እናንተ ግን ፌሮው ሥር ቆማችሁ፣ በዚያው ሰዓት ፈርሙ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ የአክሲሱ (በፕላኑ ላይ ቦታውን የሚያመለክተው መስመር) ቁጥር ይታይ።

ኮንትራክተሩ አርማታ ልሙላ ብሎ የሚያቀርበው የመሙያ ጥያቄ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት እጃችሁ ይግባ በሉ። ካልሆነ አርብ 11 ሰዓት ላይ ይጠሯችኋል። ሚክሰሩ ቆሟል፣ አርማታው እየደረቀ ነው፣ ኮንትራክተሩ በስልክ ይጮኻል፣ «ፈርሙና እንገላገል» ይላል። በዚያ ሰዓት እምቢ ማለት ለትልቅ ሰውም ይከብዳል። ከሆነም አትጨቃጨቁ፤ ሳይት ቡኩ (የሳይቱ መዝገብ) ላይ ጻፉ። «በአክሲስ ሐ የስፔሰር ጉድለት ስላለ እንዳይሞላ» ብትሉ ይበቃል። የተጻፈውን አለቃም ቢሆን ዝም ብሎ አያልፈውም።

ፎርማኑን ግን አክብሩት። ጋሼ በሉት። እናንተ ሳትወለዱ ፌሮ ሲያስር የኖረ ሰው ሊሆን ይችላል። ሳይቱ ላይ የተደበቀውን ነገር ሁሉ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የሚያምናችሁ ከሆነ ራሱ «እዚህ ጋ አንድ ነገር እይልኝ» ብሎ ይጠራችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ውሃ ስለ ማጠጣት። አርማታ ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ መቆየት አለበት። ዓርብ ስቅለት ሲደርስ ግን ሁሉም አገሩ ይገባል፣ ሳይቱ ላይ የሚቀረው ዘበኛው ነው። ከበዓሉ በፊት ሶሌታ ልትሞሉ ከሆነ መጀመሪያ ማን እንደሚያጠጣ በስም ወስኑ። አርማታው የሚሸፈንበት ጆንያም ይዘጋጅ፣ በርሜሉም ይሞላ። ለዘበኛው ደግሞ የበዓል አበሉን ቀድማችሁ ስጡት።