በሐሳብ ስለሚታዘዙ በሮች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ወንድሜ በመኪና አደጋ ምክንያት ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ ተስኖታል። በሐሳብ ብቻ በር መክፈት ተችሏል ሲባል ሰማሁ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ተችሏል፤ ሆኖም በሩን የሚከፍተው የተገጠመለት ሞተር መሆኑ አይዘንጋ። ሰው እጁን ለማንቀሳቀስ ሲያስብ፣ እጁ ባይታዘዝለት እንኳ አንጎሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምልክት ይፈጠራል፤ ይህን ምልክት ኤሌክትሮዶች የተባሉ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ መቀበያዎች ይቀበሉታል፣ ኮምፒውተርም ተርጉሞ ለበሩ ወይም ለአሳንሰሩ ትእዛዝ አድርጎ ይልከዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ብሬንጌት በተባለው ሙከራ የተሳተፈ፣ እንደ ወንድምዎ ያለ ጉዳት የደረሰበት ወጣት አንጎሉ ላይ በተተከሉ 96 ኤሌክትሮዶች አማካይነት ቴሌቪዥን መቆጣጠር ችሏል። በ2024 ደግሞ ሲንክሮን የተባለው ኩባንያ የሠራው የአንጎል ምልክት መቀበያ መሣሪያ የተተከለላቸው፣ ኤኤልኤስ የተባለ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያሽመደምድ የነርቭ ሕመም ያለባቸው ሰው፣ አሌክሳ በተባለው የቤት ዕቃዎችን በሚያዝ የኮምፒውተር ረዳት በኩል የቤታቸውን መብራት አብርተዋል፣ ደጃፋቸው ላይ የቆመውንም እንግዳ በካሜራ አይተዋል። ይህ የመጨረሻው ልቤን ነክቶታል፤ በራቸውን ያንኳኳው ማን እንደሆነ ለማወቅ የሰው እርዳታ መጠበቅ ቀረላቸው ማለት ነውና። ይሁን እንጂ ወንድምዎ መናገር ወይም አገጫቸውን ማንቀሳቀስ የሚችሉ ከሆነ፣ በድምፅ ወይም በአገጭ የሚታዘዝ መሣሪያ ያለ ቀዶ ሕክምና ዛሬውኑ ይበልጥ አስተማማኝ አገልግሎት ይሰጣቸዋል።

ጥያቄ፦ ጭንቅላት ሳይከፈት አይቻልም?

መልስ፦ ይቻላል። የሲንክሮን መሣሪያ በአንገት ደም ሥር በኩል ይገባል፤ ራስ ላይ የሚጠለቅ፣ ኤሌክትሮዶች የተገጠሙለት ቆብም አለ። ቆቡ ግን የራስ ቅል ያደከመውን ምልክት ስለሚቀበል፣ የዓይን መርገብገብም ስለሚረብሸው፣ ሰው በሚተላለፍበት ኮሪደር በር ለማስከፈት አልመክረውም።

ጥያቄ፦ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ እያሠራሁ ነው። ለዚህ ቴክኖሎጂ ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ አስቀድመው መግቢያው ላይ ያለውን ደረጃ ይመልከቱ፤ በአንጎል የሚታዘዝ ተሽከርካሪ ወንበርም ቢሆን ደረጃ አይወጣም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሜትር የሚረዝም ተዳፋት መወጣጫ ያሠሩ። ከዚያም ግድግዳው ሳይለሰን በየበሩ አናት ለሞተር የሚሆን የኤሌክትሪክ መስመር ያስቀብሩ። መብራት ሲጠፋ አሳንሰሩ በጄኔሬተር እንዲሠራ፣ በሮቹም በእጅ እንዲከፈቱ ያድርጉ፤ ሰው ራሱ ባዘዘው በር ተቆልፎበት መቅረት የለበትም።

ጥያቄ፦ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ለእኔስ ይጠቅማል?

መልስ፦ ለእርስዎ ፎቁን በድምፅ የሚናገር አሳንሰርና ብሬል የተጻፈባቸው ቁልፎች ይቀድማሉ። ሁለቱም ገበያ ላይ ያሉ ናቸውና የሕንፃዎን አስተዳዳሪ ይጠይቁ።