መልስ፦ የድሮው የቤት ኢንሹራንስ ለኪራይ ይበቃል ወይ?

«የምኖርበትን ቤት ላከራየው ነው፣ የድሮው ኢንሹራንስ ይበቃኛል?» ላልከው፣ ባጭሩ አይበቃም። ያ ውል የተጻፈው ባለቤቱ ራሱ ይኖርበታል ተብሎ ነው። ተከራይ ማስገባትህን ሳታሳውቅ ቤቱ ቢቃጠል፣ ኩባንያው ካሳ አልከፍልም ሊልህ ይችላል። ቁልፍ ከማስረከብህ በፊት ደውልና ለአከራይ የሚሆነውን ፖሊሲ ጠይቅ።

ስታወዳድር ዓረቦኑን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍለውን ብቻ አትይ። ዋናው ነገር ቤቱ የተመዘገበበት ዋጋ ነው። እሱ ደግሞ ቤቱን እንደገና ለመሥራት የሚያስወጣው ገንዘብ እንጂ የገዛህበት አይደለም። የገዛህበት ዋጋ መሬቱንም ይጨምራል፣ መሬት ግን አይቃጠልም! ክፍያ ለመቀነስ ብለህ ግማሹን ብቻ ካስመዘገብክ፣ ወጥ ቤቱ ብቻ ቢቃጠል እንኳ በብዙ ውሎች የሚከፈልህ የጉዳቱ ግማሽ ነው። ይህቺ አንቀጽ ስንቱን ጉድ ሠርታለች።

የኪራይ ገቢ ሽፋንም ጨምርበት። ቤቱ ከእሳት በኋላ እስኪጠገን ተከራዩ ቢወጣ የባንክ ዕዳው አይጠብቅህም። ግን ተከራይ ስለጠፋ ወይም አልከፍልም ስላለ ይህ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። ለዚያ የተወሰኑ ወራት ወጪ በእጅህ ይኑር። ቤቱ ከ30 ወይም ከ60 ቀን በላይ ባዶ ከቆመ ሽፋን የሚቀንሱ ውሎችም አሉ፤ ቀኑን ፈልገህ አንብብ።

ደረጃ ላይ የወደቀ እንግዳ ቢከስህ የኃላፊነት ሽፋን ያስፈልግሃል። ጎርፍ ብዙ ጊዜ ለብቻው ይገዛል። ወራት ሙሉ ሲያንጠባጥብ የኖረ ቧንቧ ግን የጥገና ጉዳይ ነው ይሉሃል።

የተከራዩ ሶፋና ቴሌቪዥን በአንተ ውል አይሸፈንም፤ የራሱን ኢንሹራንስ እንዲገባ ኪራይ ውሉ ላይ ጻፈው።