ኤምቢኤ ወይስ የማኔጅመንት ማስተርስ?

እህቴ፣ «በአካውንቲንግ ተመርቄ ባንክ እየሠራሁ ነው፤ ኤምቢኤ መማር እችላለሁ? ከማኔጅመንት ማስተርስስ በምን ይለያል?» ላልሽው፣ አዎ ትችያለሽ።

ኤምቢኤ፣ ማለትም የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ፣ ሰፋ ያለ ነው። ፋይናንሱንም፣ ማርኬቲንጉንም፣ የሰው ኃይሉንም ትንሽ ትንሽ ያስነካሻል። ኢንጂነሮች ሳይቀሩ የሚጎርፉበት ለዚህ ነው። የማኔጅመንት ማስተርስ ወደ ምርምሩ ያደላል፤ ማስተማር ለሚያስብ ሰው እሱ ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ ሙያ ላይ ማተኮር ካማረሽ ደግሞ ሰንጋ ተራ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት አለልሽ። ፕሮጀክት ማኔጅመንት፣ ሎጂስቲክስ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር እዚያ ይሰጣል።

መጀመሪያ ግን የትምህርት ሚኒስቴርን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለብሽ። የአካውንቲንግ ጥያቄ አትጠብቂ፤ ቋንቋ፣ ሒሳብና የማመዛዘን ችሎታ ነው የሚፈተነው። የግል ብትገቢም አይቀርልሽም። ለግሉ ደግሞ ከመክፈልሽ በፊት ያ ፕሮግራም ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳለው አረጋግጪ።

ትልቁ ራስ ምታት ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (የዩኒቨርሲቲ ውጤትሽ ማስረጃ) ነው። እጅሽ ላይ ያለው ኮፒ አይበቃም። የተመረቅሽበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለምትገቢበት ይልከዋል። የወጪ መጋራት ዕዳሽን ካልጨረስሽ እዚያው ትያዣለሽ። እኔ ለዚህች ወረቀት ሁለቴ ክፍለ ሀገር ተመላልሻለሁ፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ጀምሪ።

የማታውን 2 ዓመት ይሉታል። ኮርሱ ያልቃል፣ የሚጎተተው መመረቂያ ጽሑፉ ነው። ርዕስሽን ከራስሽ ባንክ ብትመርጪ ዳታ ፍለጋ የሰው ደጅ አትጠኚም።