ሐዘን ላይ ሆኜ የሰው ሐዘን ማዳመጥ እችላለሁ ወይ?

ጥያቄ፦ «በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ማስተርሴን ይዤ ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶችን በሚረዳ ድርጅት ውስጥ በአማካሪነት እሠራለሁ። ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ከአራት ወር በፊት ታላቅ ወንድሜ በመኪና አደጋ ሞተብኝ። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጬ ሥራ ገባሁ። በቀን ሰባት ሰው አያለሁ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ባለፈው ሳምንት አንዷ ተገልጋይ፣ ሪያድ እያለች ስለሞተባት ወንድሟ ማውራት ስትጀምር፣ ‹እሺ፣ የስፌት ስልጠናው እንዴት ሆነ?› አልኳት። ዝም አለች። የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ቆየች። ኢንተርኔት ላይ ያለውን የ30 ጥያቄ መመዘኛ ሞላሁ፤ መካከለኛ ነሽ አለኝ። አሁን ሌላ ድርጅት በተፈናቃዮች መጠለያ ለሚሠራ የምክር ቡድን በተሻለ ደሞዝ ሊቀጥረኝ ፈልጓል። እስከ አርብ መልስ ይፈልጋሉ። ልግባ? ወይስ ሙያውን ከነጭራሹ ልተወው? ለመሥራት ብቁ መሆኔን በምን ልወቅ?»

መልስ፦ እህቴ፣ የወንድምሽን ነፍስ ይማር። ለአንቺም መጽናናቱን ይስጥሽ።

አርብ ስለሚደርስ ከእሱ ልጀምር። አዲሱን ሥራ በዚህ ወር አትጀምሪ። ሙያውን ግን አትልቀቂ። «ብቁ ነኝ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ብቻሽን አትመልሺው። ዛሬ ልነግርሽ የፈለግኩት ዋናው ነገር ይኸው የመጨረሻው ነው።

ማዘንና መሥራት አለመቻል አንድ አይደሉም። እያዘኑ በደንብ የሚሠሩ አሉ። ደህና ነኝ እያሉ ሥራቸው የተበላሸባቸውም አሉ። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ በቁጥር 2.06 ጉዳዩን ለሁለት ከፍሎ ያየዋል። ገና ያልጀመርሽው ሥራ ከሆነ፣ የግል ችግርሽ በብቃት እንዳትሠሪ የማድረጉ ዕድል ሰፊ መሆኑን ካወቅሽ፣ ወይም ማወቅ ከነበረብሽ፣ አትጀምሪው ይላል። በእጅሽ ያለ ሥራ ከሆነ ደግሞ ባለሙያ አማክሪ፣ እርዳታ ፈልጊ፣ ከዚያም ሥራውን መቀነስ፣ ለጊዜው ማቆም ወይም መተው እንዳለብሽ ወስኚ ይላል። ደንቡ የእነሱ ነው፤ አንቺን አያስገድድሽም። እኔ የምወደው ግን አከፋፈሉን ነው። ለአዲሱ ሥራሽ አንድ መልስ፣ ለአሁኑ ሥራሽ ሌላ መልስ ይሰጥሻል። «ማወቅ ከነበረብሽ» የምትለዋንም ልብ በያት። «አልታወቀኝም ነበር» ማለት አያድንም ማለት ነው።

ታዲያ ባለሙያ ይህንን እያወቀ ለምን ይሳሳታል? እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 456 የሥነ ልቦና ባለሙያዎችን ጠይቆ ነበር። ወደ 60 በመቶ የሚሆኑት፣ ቢያንስ አልፎ አልፎ፣ በደንብ መሥራት እስኪያቅታቸው ተጨንቀው እያለ ሰው እንዳዩ ተናግረዋል። አብዛኞቹ ደግሞ ይህ ተገቢ እንዳልሆነ ያምኑ ነበር። ሕጉን ያውቁታል። የቸገራቸው ያቺን ቀን ለይቶ ማወቅ ነው። የአንቺ ሥራ መሣሪያው ልብሽና ጆሮሽ ነው። የተጎዳውም እሱ ነው። በተጎዳ ሚዛን ራሱን ሚዛኑን ልትመዝኚው እየሞከርሽ ነው።

የሞላሽው መመዘኛ ፕሮኮል (ProQOL) የሚባለው፣ ሰውን የሚረዱ ባለሙያዎች ሥራቸው ምን እንዳደረጋቸው የሚለኩበት መጠይቅ ይመስለኛል። እሱ ባለፉት 30 ቀናት ምን እንደተሰማሽ ነው የሚጠይቅሽ። ያቺ ሴት ምን ሳትናገር እንደሄደች አይጠይቅሽም። እንደ ምርመራ ውጤት እንዲወሰድም አልተሠራም። ስለዚህ «መካከለኛ» የምትለዋን ይዘሽ እንዳትረጋጊ፣ እንዳትደነግጪም።

ስሜትሽን ትተሽ ሥራሽን እይው። ቢሮሽ ውስጥ ሆነሽ ወንድምሽ ከመሞቱ በፊት የጻፍሻቸውን አሥር የሴሽን ማስታወሻዎች አውጪ። የመጨረሻዎቹን አሥርም አውጪ። ጎን ለጎን አስቀምጫቸው። ርዝመታቸው ተለውጧል? በፊት የተገልጋይዋን ቃል እንዳለ ትጽፊ ከነበረ፣ አሁን «ደህና ናት፣ ቀጠሮ ሰኞ» ብቻ ሆኗል? ማስታወሻው በዕለቱ ነው የተጻፈው ወይስ ከሦስት ቀን በኋላ? ራስን ስለ ማጥፋት የሚጠየቀውን ጥያቄ በስንቶቹ ላይ ጠይቀሻል? በስንቶቹስ ዘለልሽው? ሞት፣ ወንድም፣ አደጋ የሚሉ ነገሮች ሲነሱ ቀጣዩ መስመር ላይ ምን አለ? የስፌቱ ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ የሚስተካከል ስህተት ነው። ከአሥሩ በአራቱ ላይ ካገኘሽው ግን ችግሩ የአንድ ቀን አይደለም።

የአእምሮ ጤና ነርስ የሆነች ጓደኛ አለችኝ። አንድ ጊዜ እንዲህ አለችኝ፦ «ታካሚ ቀጠሮ ሲቀር ‹ተመስገን› ካልኩ፣ ያኔ ራሴን እጠረጥራለሁ።» አንድ ቀን ቢሆን ድካም ነው። አንዲት የተወሰነች ሴት በቀረች ቁጥር እፎይ የምትይ ከሆነ ግን ከእሷ የሸሸሽው ነገር አለ።

ሁለተኛው መንገድ ሰው ነው። እዚህ ላይ የእኛ አገር ነገር ትንሽ ይከብዳል። ሐዘንተኛን ማንም «ሥራሽ ተበላሽቷል» አይልም። «አይዞሽ፣ በርቺ» ነው የሚለው። በደግነት ነው፤ ግን መረጃ አይሆንሽም። ሱፐርቫይዘርሽ ምንም ያላለችሽ ስላላየች ነው ብለሽ አትደምድሚ። አይታ አፍራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፈቃዱን አንቺ ስጪ። «እንዴት ነኝ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ መልሱ «ደህና ነሽ» ነው። እንዲህ በያት፦ «ካለፉት ሳምንታት ሦስት ኬዞቼን አብረን እንይ። ተገልጋይዋ ልትናገር ስትል ያቋረጥኩበት ቦታ ካለ ጠቁሚኝ። አልቀየምም።» ከሱፐርቫይዘርሽ ሌላ፣ ደሞዝሽ በእጁ ያልሆነ አንድ የሥራ ባልደረባም ያዢ። በየሁለት ሳምንቱ ተገናኙ። እሱ ወይም እሷ «ይበቃል» ካለሽ እንደምትቀበይ አሁኑኑ፣ ራስሽን ችለሽ ሳለሽ፣ ተስማሙ። ያን ጊዜ ሲደርስ መከራከርሽ አይቀርም፤ ስምምነቱም ለዚያ ነው።

እንቅልፍሽም አሳስቦኛል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ ሙከራ፣ 17 ሰዓት ሳይተኙ መቆየት የሰውን ቅልጥፍና ደም ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለ ሰው እንደሚያወርደው አሳይቷል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት የነቃሽ ሴት የ11 ሰዓት የማታ ተገልጋይሽን ስታስገቢ 16 ሰዓት ሞልቶሻል። ያውም በየቀኑ። የሐዘኑን ነገር እንኳ ብንተወው፣ የማታዎቹ ሁለት ቀጠሮዎች ከነገ ጀምሮ መነሳት አለባቸው። ለእንቅልፉም ሐኪም ጋ ሂጂ።

ይህ ወደ መካከለኛው መንገድ ይወስደናል። «ልሥራ ወይስ ልተው?» ብለሽ ሁለት በር ብቻ ነው ያየሽው። በመካከል ብዙ አለ። ከሰባት ወደ አራት ሰው ዝቅ ማለት ይቻላል። የቤተሰብ ሞት ያለባቸውን ኬዞች ለጊዜው ለባልደረባ ሪፈር ማድረግ ይቻላል። አዲስ ተገልጋይ ሳይቀበሉ ያሉትን ብቻ ማየት ይቻላል። ከሳምንቱ ሁለት ቀን በስልጠናና በሪፖርት ላይ መቆየትም አለ። ከሱፐርቫይዘርሽ ጋር ለስድስት ሳምንት ሞክሩትና ፋይሎቹን እንደገና አብራችሁ እዩ።

ሙሉ በሙሉ ማቆም የሚገባሽ ቀንም አለ። ሥራ ለመግባት መጠጥ ወይም ማስታገሻ ካስፈለገሽ፣ ከተገልጋይ ጋር ያወራሽው ወዲያው ከጠፋብሽ፣ በተጎዳች ሴት ላይ ከተቆጣሽ፣ በዚያው ቀን አቁሚ። አንቺ ራስሽ መሞት ካማረሽ ደግሞ ሥራ ማቆም ብቻ አይበቃም። በዚያው ቀን ለአንድ የምታምኚው ሰው ንገሪና አብራችሁ የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሂዱ። አዲስ አበባ ከሆንሽ አማኑኤል አለ።

የደሞዙን ነገር በግልጽ አልጻፍሽም፤ ግን ሳያስጨንቅሽ አይቀርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚመለከትሽ ከሆነና የሙከራ ጊዜሽን ከጨረስሽ፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለሽ። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ደሞዝ። የሐኪም ማስረጃ ይጠየቅበታል። ለቅሶ የተቀመጥሽባቸው ሦስት ቀናትም በዚሁ ሕግ ያለ መብት ናቸው። ለወንድም ሦስት ቀን! እኔ ሁልጊዜ ያንሰኛል። ቢያንስ የዓመት ፈቃድሽን አታስቀምጪው።

ለአዲሱ ድርጅት ከአርብ በፊት ጻፊላቸው። ሐዘንሽን መዘርዘር የለብሽም። «ለቦታው ፍላጎት አለኝ፤ በቤተሰብ ምክንያት ግን ከሁለት ወር በፊት መጀመር አልችልም። መጠበቅ ከቻላችሁ ደስ ይለኛል። ሳምንታዊ ሱፐርቪዥን መኖሩንም ብታሳውቁኝ» ማለት ይበቃል። ካልጠበቁ ያንቺ ቦታ አልነበረም። ለሱፐርቪዥን ጥያቄው መልስ ከሌላቸውም እንደዚያው።

«ሙያውን ልተው» ስላልሽው አንድ ሰው ልጥቀስልሽ። ማርሻ ሊነሃን ዲቢቲ (DBT) የሚባለውን የሥነ ልቦና ሕክምና ዘዴ የፈጠረች አሜሪካዊት ናት። በ17 ዓመቷ ራሷ የአእምሮ ሆስፒታል ተኝታ ታክማለች። ይህንን በአደባባይ የተናገረችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሕመሟ ከሙያው አላስወጣትም። ግን መጀመሪያ ታክማለች። አንቺም ለራስሽ አማካሪ ፈልጊ፤ ከመሥሪያ ቤትሽ ውጭ ቢሆን ይሻላል።

አሁን ወደዚያች ሴት ልመለስ። ቀጠሮዋ ሳይደርስ ከሱፐርቫይዘርሽ ጋር ተነጋገሪ። የወንድሟን ነገር እስከ መጨረሻው መስማት እችላለሁ ካልሽ፣ ስትመጣ አንቺ ክፈቺላት፦ «ባለፈው ስለ ወንድምሽ ጀምረሽልኝ ነበር። እኔ ነኝ ያቋረጥኩሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛሬ ብትቀጥይልኝ እሰማሻለሁ።» አልችልም ካልሽ ደግሞ ያቋረጥሻት አንቺ መሆንሽንና ጥፋቱ የአንቺ መሆኑን ነግረሽ፣ የሚሰማት ባልደረባሽን አስተዋውቂያት። ስልክ ቁጥር ብቻ ሰጥተሽ አትሸኛት። አብረሻት ግቢ፣ ሁለቱ ማውራት ሲጀምሩ ውጪ።