ከመፈረምዎ በፊት፦ ስለ ሠራተኛ ቅነሳ የመጡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ገበያ የራቃቸው ድርጅቶች ሠራተኛ ስለ መቀነሳቸው። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የአጎዋ (ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የማስገባት ዕድል) ተጠቃሚነቷን ካጣች ወዲህ፣ ልብስ እየሰፉ ወደ አሜሪካ ይልኩ የነበሩ ፋብሪካዎች ምን እንደገጠማቸው አንባቢ ያውቃል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለሆነ ይህ እነሱን አይመለከትም።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ በሚገኝ የልብስ ስፌት ፋብሪካ 4 ዓመት የሠሩ እኅት ናቸው። ወደ 600 ሠራተኛ ካለው ፋብሪካ ሱፐርቫይዘሩ ሁለት ላይን (የስፌት መስመር) ሙሉ፣ 80 ያህል ሴቶችን ማሽን አስጠፍቶ ሰበሰበና «ትእዛዝ የለም፤ ይህን ፈርሙና የወሩን ደመወዝ ውሰዱ» አላቸው። ወረቀቱ «በራሴ ፈቃድ ሥራ ለቅቄያለሁ» ይላል። ጓደኞቻቸው ፈርመዋል፤ እሳቸው «ቤተሰብ ላማክር» ብለው ወጥተዋል። ልፈርም ወይ ይላሉ።

መልስ፦ አይፈርሙ። የወረቀቱን ፎቶግራፍ ስለላኩልኝ ደጋግሜ አየሁት። የስምና የመታወቂያ ቁጥር ቦታው ክፍት ነው፤ «በራሴ ፈቃድ» የሚለው ግን አስቀድሞ በኮምፒውተር ተጽፏል፤ የቀኑም ቦታ ባዶ ነው። ሌላው ቢቀር ይህ ባዶ ቦታ ሊያስጠነቅቅዎ ይገባል፤ ቀኑን በኋላ የሚሞላው ሌላ ሰው ነውና።

በራሱ ፈቃድ የለቀቀና በቅነሳ የተሰናበተ ሠራተኛ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ድርጅቱ ገበያ በማጣቱ ከሠራተኞቹ ቢያንስ 10 በመቶ የሚሆኑትን ሲያሰናብት ሕጉ የሠራተኛ ቅነሳ ይለዋል፤ ከ600 ውስጥ 80 ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። በቅነሳ የሚሰናበት ሰው የ2 ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይገባዋል፤ አሠሪው ማስጠንቀቂያውን ካልሰጠ የዚያን ጊዜ ደመወዝ ይከፍላል። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ላለው እያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይጨመርበታል፤ ቅነሳ በመሆኑ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል። የቀን ደመወዝዎ 150 ብር ነው ብንል ለመጀመሪያው ዓመት 4,500፣ ለቀሪዎቹ 3 ዓመታት 4,500፣ ለተጨማሪው 60 ቀን 9,000፣ በድምሩ 18,000 ብር ይመጣል፤ የማስጠንቀቂያው 2 ወር ከዚህ ውጪ ነው። እርስዎ 5 ዓመት ስላልሞላዎት «በራሴ ፈቃድ» ብለው ከፈረሙ ይህ ሁሉ ይቀርብዎታል። በምትኩ ሊሰጥዎ የታሰበው የወር ደመወዝ ደግሞ ሠርተው ያገኙት፣ ቀድሞውንም የራስዎ የሆነ ገንዘብ ነው። አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ከደመወዛቸው ቀንሰው ለወላጆቻቸው ሲልኩ ለኖሩ ልጆች እንዲህ ያለ ወረቀት መዘርጋት እጅግ ያሳዝነኛል።

የፈረሙት ጓደኞችዎም ቢሆኑ ተስፋ አይቁረጡ፤ እንዴት ባለ ሁኔታ እንደፈረሙ የሚመሰክር ሰው ካለ ሊከራከሩ ይችላሉ። ነገር ግን ቀኑ አይጠብቅም። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ ከሥራ ውሉ መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ውስጥ ሠራተኛ ማኅበር ካለ ወደ ማኅበሩ፣ ከሌለ ወደ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል እንዲሄዱ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ «ለክስ የሚሆን ገንዘብ የለንም» ብላችሁ አትቅሩ።

ጥያቄ፦ ባጄ ስለጠፋ የሥራ ልምድ ማስረጃ አንሰጥም አሉኝ።

መልስ፦ ማስረጃው ያለ ክፍያ የሚሰጥ መብትዎ ነው፤ በጽሑፍ ይጠይቁና የማመልከቻዎን ቅጂ ያስቀሩ።

ጥያቄ፦ የአዳማ አንባቢ የሚሠሩበት ፋብሪካ ገንዘብ ቸግሮት «ቤታችሁ ቆዩ፣ እንጠራችኋለን» ካላቸው 5 ወር ሆኖታል። ደመወዝም ስንብትም የለም።

መልስ፦ አሠሪ በራሱ ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር ሥራ ሲያቆም የሥራ ውል ለጊዜው እንዲታገድ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ምክንያቱን በ3 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው ባለሥልጣን በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት፤ እገዳውም ከ90 ቀን አይበልጥም። 5 ወር ከዚህ በጣም አልፏል። ፋብሪካው እገዳውን አስታውቆ እንደነበር ከሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቱ ያጣሩ። «እንጠራችኋለን» የሚለውን ቃል ይዘው ሌላ አንድ ወር እንኳ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ የ6 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ከሚቀነሱት መጀመሪያዋ እኔ ነኝ ይባላል።

መልስ፦ ተቃራኒው ነው። ቅድሚያ ሥራ ላይ የሚቆየው ችሎታና የተሻለ ምርታማነት ያለው ሠራተኛ ነው። በዚህ እኩል ከሆኑት መካከል በቅድሚያ የሚነካው አጭር አገልግሎት ያለውና ጥቂት ጥገኛ ያለው ሲሆን፣ ነፍሰ ጡሮች በተራው መጨረሻ ላይ ከሚገኙት ናቸው። የወሬው ምንጭ አለቃዎ ከሆነ፣ የተናገረበትን ቀን ይመዝግቡ፤ የሕክምና ማስረጃዎንም ለሰው ሀብት ክፍል አስገብተው ይቀበሉኝ ብለው ያስፈርሙ።

ጥያቄ፦ የ51 ዓመት ሰው ናቸው፤ 17 ዓመት መጋዘን ሲጠብቁ ኖረው ከ3 ሳምንት በፊት ተቀነሱ። ለባለቤታቸው አልነገሩም። በየጠዋቱ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ተቀምጠው ምሳቸውን በልተው በ11 ሰዓት ይመለሳሉ። እቁብ ቀድመው ስለበሉ ገና 11 ሳምንት ይጥላሉ፤ ዋሳቸው የሚስታቸው ወንድም ነው። እንቅልፍም አጥተዋል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ልቤን የነካው ያ ምሳ ዕቃ ነው። ባለቤትዎ በየጠዋቱ ከሌሊት ተነሥተው ሽሮውን የሚሠሩት ለሥራ የሚሄድ ሰው አለኝ ብለው ነው። ዛሬ ማታ ይንገሯቸው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ የስንብት ደብዳቤውንና የክፍያውን ዝርዝር አብረው ያንብቡ፤ ገንዘቡ ስንት ወር እንደሚያደርስ ሁለት ሆኖ ማስላት ለብቻ ከመጨነቅ በእጅጉ ይሻላል። በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈል መድን ስለሌለ የስንብት ክፍያው ብቸኛው ስንቅዎ ነው፤ ለንግድ ብለው በአንድ ጊዜ አያውጡት።

እቁቡን በተመለከተ አንድ ሳምንት ሳይዘልሉ አስቀድመው ለዳኛውና ለዋስዎ ይንገሩ። ቀድሞ የተናገረን ሰው እቁብተኛ ይታገሠዋል፤ ዋሱ ድንገት ሲጠራ ግን ነገሩ ከገንዘብ አልፎ የሥጋ ዝምድናንም ይነካል። ጡረታዎም አልጠፋም፦ ከደመወዝዎ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ሲገባ ስለነበር፣ መዋጮ የተከፈለበት አገልግሎትዎ በትክክል መመዝገቡን ከግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ያረጋግጡ፤ ሌላ ሥራ ሲያገኙ አገልግሎቱ ይቀጥላል። ስለ እንቅልፉ ግን እኔ አልመክርም፤ በቅርብዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደው የሆነውን ሁሉ ለሐኪም ይንገሩ። ይህን ለነገ አያሳድሩት።

ጥያቄ፦ 40 ሠራተኛ ያለኝ የእንጨት ሥራ ባለቤት ነኝ፤ 6 ሰው ካልቀነስኩ ሁሉም ይዘጋል።

መልስ፦ ደብዳቤዎ የተጨነቀ ሰው ደብዳቤ ስለሆነ በክፉ ዓይን አላየሁትም። ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት 5 እና ከዚያ በላይ ሰው ማሰናበት ቅነሳ ስለሆነ፣ ማን እንደሚቀነስ ከሠራተኞች ተወካይ ጋር የመመካከር ግዴታ አለብዎት። የገቢና የወጪ መዝገብዎን ለተወካዮቹ ገልጠው ያሳዩ፤ የትርፍ ሰዓት ሥራ ማቆም ወይም ውሉን ለጊዜው ማገድ የአንድ ሁለት ሰው እንጀራ ያተርፍ እንደሆነ አብረው ይመልከቱ። ዝርዝሩን በር ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ስድስቱን አንድ በአንድ አስቀምጠው ራስዎ ይንገሯቸው። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን መያዝ አለበት። ስሌቱን ለሕግ ባለሙያ ቢያሳዩት መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ከስንብት ክፍያ ላይ ግብር ይቆረጣል?

መልስ፦ አዎ፤ ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም ስላለበት፣ ሲቀበሉ የተቆረጠውን የሚያሳይ ዝርዝር አብረው ይጠይቁ፤ ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ተለውጦ መግባቱን ይዩ።